የይግባኝ ቦንድ ሲበዛ፦ ቴክሳስ ውስጥ የዋስትና ገንዘብ እንዴት ይቀነሳል?

አንድ የኛ ሰው ታሰረ ሲባል መጀመሪያ የምናደርገው የታወቀ ነው። የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል። ስም ይጻፋል። አንዱ 200 ዶላር፣ አንዱ 500፣ እቁብ የደረሰው ደግሞ ከዚያ በላይ ያዋጣል። ዳኛው የጠራው ገንዘብ እንደ ቁርጥ ዋጋ ይወሰድና ጥያቄው ሁሉ «ስንት ጎደለ?» ይሆናል። «ለምን ይህን ያህል ሆነ? አይቀነስም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ጥያቄ ነው። በተለይ ደግሞ ሰው ከተፈረደበት በኋላ፣ ይግባኝ ብሎ መልስ እየጠበቀ ሳለ ስለሚጠየቀው ዋስትና ነው። እዚህ «አፒል ቦንድ» ይሉታል። የቴክሳስን ሕግ የመረጥኩት ዳላስ፣ ጋርላንድና ሂውስተን አካባቢ ብዙ ወገኖቻችን ስለሚኖሩ ነው። ሌሎች ግዛቶች የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ቁጥሩና ቀኑ ይለያያል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ብዙ ሰው የሚገርመውን ነገር ላንሳ። ተፈርዶበት እንዴት በዋስ ይወጣል?

ከፍርድ በፊት ተከሳሽ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል። ስለዚህ ዋስትና መብቱ ነው፤ የሚከለከለው በተወሰነ ምክንያት ብቻ ነው። በአገራችንም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት እንዳለው ተጽፏል፤ ፍርድ ቤት የሚከለክለው በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ነው። ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ግን ያ ግምት የለም። አሁን ዋስትናው የሚመነጨው ከሕገ መንግሥት ሳይሆን ከተራ ሕግ ነው። ሕግ አውጪው በፈቀደው ልክ ብቻ ይሰጣል ማለት ነው። ታዲያ ለምን ፈቀደ? የሥር ፍርድ ቤት ሊሳሳት ስለሚችል ነው። ይግባኝ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል።

የክሪስታል ሜሰን ጉዳይ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ፎርት ወርዝ አካባቢ የምትኖር እናት ናት። በ2016 ምርጫ የመምረጥ መብት ሳይኖራት ድምፅ ሰጥታለች ተብላ ተከሰሰች። በፌዴራል የታክስ ወንጀል ተቀጥታ ከወጣች በኋላ የክትትል ጊዜዋን አልጨረሰችም ነበር። እንደማይፈቀድላት አላውቅም ነበር አለች። ድምፁም አልተቆጠረም። በ2018 አምስት ዓመት ተፈረደባት። ከዚሁ ጋር በተያያዘ በፌዴራል በኩል ለተወሰኑ ወራት ብትታሰርም፣ የግዛቱን የአምስት ዓመት ቅጣት ግን በይግባኝ ቦንድ ውጭ ሆና ተከራከረችበት። በማርች 2024 የፎርት ወርዙ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ነፃ ናት አለ። ዐቃቤ ሕግ በዚያም አላበቃም፤ ጉዳዩን ወደ ላይ ወሰደው። አሁን ቀኑን ቁጠሩት። ከ2018 እስከ 2024 ስድስት ዓመት ነው። ቅጣቱ አምስት ነበር። ቦንድ ባይኖር ኖሮ «ነፃ ነሽ» የሚለው ቃል የሚደርሳት ቅጣቱ ካለቀ በኋላ ይሆን ነበር።

ስለዚህ የቦንዱ መጠን ተራ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም። ከአቅም በላይ የሆነ ቦንድ ይግባኙ ሳይወሰን ቅጣት ማስፈጸም ነው። እኔ እንደዚያ ነው የማየው።

ሁሉም ሰው ግን የይግባኝ ቦንድ አይሰጠውም። በቴክሳስ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 44.04 በሩ በሦስት ይከፈላል። ወንጀሉ ቀላል ከሆነ፣ ማለት ሚስዲሚነር ከሆነ፣ ይግባኝ ባይ በተመጣጣኝ ዋስ የመውጣት መብት አለው። ከባድ ወንጀል ሆኖ የተፈረደው ቅጣት ከ10 ዓመት በታች ከሆነ ዳኛው ሊፈቅድም ሊከለክልም ይችላል። የሚከለክለው ግን በቂ ምክንያት ሲያይ ነው፦ ፍርዱ ሲጸና አይመጣም ብሎ ካመነ፣ ወይም ውጭ ሆኖ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ብሎ ከሰጋ። ቅጣቱ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ወንጀሉ ሕጉ ለይቶ ከዘረዘራቸው እንደ ግድያ፣ ከባድ ዝርፊያና ወሲባዊ ጥቃት ካሉት አንዱ ከሆነ በሩ ዝግ ነው። የተያዘው ዋስትናም እዚያው ይቋረጣል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የሚታየው ሕጉ የሚፈቅደው ከፍተኛ ቅጣት አይደለም። በእውነት የተፈረደው ነው። 20 ዓመት በሚያስቀጣ ወንጀል ተከሶ 8 ዓመት የተፈረደበት ሰው፣ ወንጀሉ ከተዘረዘሩት ካልሆነ፣ ዋስትና መጠየቅ ይችላል። 9 ዓመት ከ11 ወርና ድፍን 10 ዓመት በአንድ ወር ብቻ ነው የሚለያዩት። ለዋስትና ግን አንዱ ውጭ ነው፣ አንዱ ውስጥ። አምበር ጋይገር የምትባለው የዳላስ ፖሊስ ጎረቤቷን ቦተም ዣንን በገዛ ቤቱ ተኩሳ ገድላ በ2019 የተፈረደባት ልክ 10 ዓመት ነበር። ግድያም ነው፣ 10 ዓመትም ነው። ሁለቱም በር ተዘግቶባታል። ቶም ዲሌይ ደግሞ የአሜሪካ ምክር ቤት የአብላጫው መሪ የነበረ ፖለቲከኛ ነው። በ2011 ኦስቲን ውስጥ ሦስት ዓመት ተፈርዶበት በ10,000 ዶላር ቦንድ ወጣ። በ2013 ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ሻረለት፤ በ2014 የግዛቱ የበላይ የወንጀል ፍርድ ቤት አጸናለት። ቅጣቱን ሳይጀምር አለቀ።

እሺ፣ በሩ ክፍት ነው እንበል። ዳኛው ቦንዱን 75,000 ዶላር አደረገው። ቤተሰቡ የታክሲና የፓርኪንግ ሠራተኛ ነው። አሁን ምን ይደረጋል?

መጀመሪያ የገንዘቡን ነገር እንረዳ። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሙሉውን 75,000 በጥሬ ማስያዝ ነው። ሰውየው ቀጠሮውን አክብሮ ጉዳዩ ሲያልቅ ገንዘቡ ይመለሳል፤ አንዳንድ ክፍያ ሊቆረጥ ይችላል። ሁለተኛው ቦንድስማን ነው፤ ማለት ክፍያ ተቀብሎ ለሰውየው ዋስ የሚሆን ነጋዴ። ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ ይወስዳል፤ እዚህ ላይ 7,500 ዶላር። ይህ ገንዘብ አይመለስም። ሰውየው ነፃ ቢባልም አይመለስም። ለዚህ ነው ከመዋጮ በፊት የመጠኑን ክርክር የማስቀድመው። ቦንዱ ወደ 30,000 ቢወርድ የቦንድስማኑ ድርሻ 3,000 ይሆናል። 4,500 ዶላር ተረፈ። በዚያ ገንዘብ የይግባኝ ጠበቃ መያዝ ሊጀመር ይችላል።

ቦንድን ማስቀነስ የሚጀመረው ከራሱ ከፈረደው ፍርድ ቤት ነው። አንቀጽ 44.04 ዳኛው ከፍርድ በኋላ፣ ይግባኙ እየታየም ቢሆን፣ ገንዘቡን ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ይችላል ይላል። በራሱ ተነሳሽነት፣ በዐቃቤ ሕግ ጥያቄ ወይም በተከሳሹ ጥያቄ። «ሊጨምር» የምትለዋን አትዝለሏት። አቤቱታ ስታስገቡ ዐቃቤ ሕግም አፉን ከፍቶ ይመጣል። ባዶ እጅ መግባት አይገባም።

በጽሑፍ አቤቱታ ይቀርባል፣ ዳኛው ይሰማል። ሥራው ያለው እዚህ ጋ ነው።

ብዙ ቤተሰብ ችሎት የሚገባው አልቅሶ ሊያሳምን ነው። እናት ትቆማለች፣ ልጆች ይመጣሉ፣ ቄሱ ወይም ሼኹ ይመጣሉ። ሰው መምጣቱ ጥሩ ነው፤ ዳኛ ሰው ሲያይ ልቡ ይራራል። ግን እንባ መዝገብ ውስጥ አይገባም። ወረቀት ይገባል። በመሐላ የተሰጠ ምስክርነት ይገባል። ነገ ጉዳዩ ወደ ይግባኝ ቢሄድ የላይኞቹ ዳኞች የሚያዩት የተጻፈውን ብቻ ነው።

ሕጉ ዳኛውን የሚያስገድደው ምንድን ነው? አንቀጽ 17.15 የሚባለው ድንጋጌ መለኪያዎቹን አስቀምጧል። ዋስትናው ሰውየው እንደሚመለስ ለማስተማመን በቂ ይሁን ይላል። ነገር ግን የማስጨነቂያ መሣሪያ አይሁን ይላል። የወንጀሉ ዓይነት ይታይ፤ የተጎጂውና የኅብረተሰቡ ደኅንነት ይታይ። የመክፈል አቅምም ይታይ፣ በዚህ ላይ ማስረጃ ይሰማ ይላል። በ2021 በወጣው ማሻሻያ ደግሞ የቀድሞ የወንጀል ታሪክና የዜግነት ሁኔታ ተጨምረዋል። ለይግባኝ ቦንድ በተለይ ፍርድ ቤቶች የሚያነሱት የ1981 የሩባክ ውሳኔ አለ። እሱም የቅጣቱን ርዝመት፣ የሥራ ታሪክን፣ የቤተሰብ ትስስርን፣ በአካባቢው የኖረበትን ጊዜ፣ ከዚህ በፊት በዋስ ወጥቶ ቃሉን መጠበቁን ይዘረዝራል።

አሁን እነዚህን ወደ ወረቀት ቀይሯቸው።

ለአቅም፦ የቅርብ ወራት የደመወዝ ወረቀት፣ የባንክ ስቴትመንት፣ ያለፈው ዓመት የታክስ ፋይል፣ የቤት ኪራይ ውል ወይም የሞርጌጅ ወረቀት፣ የመኪና ዕዳ። አገር ቤት ለእናት የሚላክ ገንዘብ ካለ የሃዋላ ደረሰኙ። የሚስት ወይም የባል ገቢም ይካተት፤ ዳኛው መጠየቁ አይቀርም። ሀብት መደበቅ አይሞከር። አገር ቤት ቤት ካለ ይነገር። ሳይነገር ቀርቶ ዐቃቤ ሕግ ካወጣው የቀረው ቃል ሁሉ አይታመንም።

ለጥረት፦ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ፍርድ ቤቶቹ «የለኝም» ማለትን ብቻ አይቀበሉም። ምን ሞከርክ ይላሉ። ስለዚህ ቦንድስማን ጋ ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከተቻለ ቦንድስማኑ ራሱ ችሎት ቀርቦ «ይህን ቤተሰብ አይቻቸዋለሁ፤ በዚህ አቅም ልጽፍላቸው የምችለው ቢበዛ ይህን ያህል ነው» ብሎ ይመስክር። ካልሆነም ቤተሰቡ ማንን ጠይቆ ምን መልስ እንዳገኘ በመሐላ ይናገር። አንድ እንዲህ ያለ ምስክር ከአሥር የድጋፍ ደብዳቤ ይበልጣል።

ለትስስር፦ የአሠሪ ደብዳቤ፣ ከተፈታ ወደ ሥራው እንደሚመልሰው የሚገልጽ። የልጆች ትምህርት ቤት ወረቀት። ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ፣ ከዕድር ደብዳቤ። ደብዳቤው ግን «ጥሩ ሰው ነው» ብሎ እንዳያበቃ። ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁት፣ በየስንት ጊዜው እንደሚያዩት፣ ምን ኃላፊነት እንዳለበት ይናገር። ቀን ያለው ደብዳቤ ይሠራል። ከዚህ በፊት በዋስ ወጥቶ ቀጠሮ ያላጓደለ ከሆነ ደግሞ ያንን የሚያሳይ የፍርድ ቤት መዝገብ ዋናው መሣሪያ ነው። እሱን ማስቀደም ነው።

እውነቱን ለመናገር አቅም ማጣት ብቻውን አያሸንፍም። የቴክሳስ ይግባኝ ሰሚዎች ደጋግመው የሚሉት ነገር አለ፦ አቅም ብቻ ቢታይ ተከሳሹ የራሱን ዋስትና ራሱ ወሰነ ማለት ነው። አቅም ከሌሎቹ ጋር አብሮ ይመዘናል። ስለዚህ ክርክሩ «ድሃ ነኝ» ሳይሆን «በ20,000 ዶላርም ይህ ሰው ይመለሳል፤ ማስረጃው ይኸው» መሆን አለበት።

ለኛ ሰው አንድ የተለየ ፈተና አለ። ዐቃቤ ሕጉ «ይሸሻል፣ አገሩ ይገባል» ማለቱ አይቀርም። ባዶ ክርክር አይደለም። በአሜሪካና በኢትዮጵያ መካከል ተፈላጊን አሳልፎ የመስጠት ስምምነት የለም። ልምድ ያለው ዐቃቤ ሕግ ይህን ያውቃል። መልሱን እናንተ ቀድማችሁ ማቅረብ ይሻላል። ፓስፖርቱ ይያዝ፣ የአሜሪካውም የኢትዮጵያውም፣ የቢጫ ካርድም ካለ እሱ። የጂፒኤስ እግር ማሰሪያ ይደረግለት። በየሳምንቱ ቀርቦ ይፈርም። ከካውንቲው አይውጣ። ለዳኛው በገንዘብ ፋንታ ሌላ መተማመኛ ስትሰጡት ገንዘቡን ለመቀነስ ምክንያት ያገኛል። እነዚህን ግዴታዎች ማፍረስ ግን ቦንዱን ያሰርዛል፤ ቀላል ነገር አይደሉም።

ሌላው ዜግነት ላላገኙ ነው። ግሪን ካርድም ይሁን ሌላ ወረቀት፣ ኢሚግሬሽን ሰውየውን የሚፈልግበት ማሳሰቢያ እስር ቤቱ ጋ ካስቀመጠ፣ ቦንድ ተከፍሎ በር ሲከፈት ሌላ በር ሊጠብቀው ይችላል። ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ሰውየው ደግሞ በኢሚግሬሽን እጅ ሆኖ መቅረት አለ። ስለዚህ ከመክፈል በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠየቅ። የወንጀል ጠበቃው ብቻ አይበቃም።

አስተርጓሚም ጠይቁ። እንግሊዝኛ እችላለሁ የሚል ሰው እንኳን ችሎት ላይ ስለ ገቢና ዕዳ ሲጠየቅ ይደናገራል። ጥያቄውን ሳይረዳ «የስ» ያለ ሰው መልሱ እንደዚያው ይመዘገባል።

ዳኛው አቤቱታውን ባይቀበልስ? አላለቀም። ያው አንቀጽ 44.04 በዋስትና ትእዛዙ ላይ ራሱን የቻለ ይግባኝ ይፈቅዳል። ይህ ከዋናው ይግባኝ የተለየ ነው። ዋናው ይግባኝ «ፍርዱ ስህተት ነው» የሚለው ነው። ይህኛው «ቦንዱ በዛ» የሚለው ብቻ ነው። ሕጉ ይግባኝ ሰሚው ለዚህ ቅድሚያ ይስጥ ይላል። ይግባኝ ማለታችሁን የሚገልጸው ማስታወቂያ ትእዛዙ ከተሰጠ በ30 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። መዝገቡ ደግሞ ማስታወቂያው ከገባ በ15 ቀን ውስጥ ወደ ላይ እንዲሄድ ነው ደንቡ። ለዋናው ይግባኝም ጊዜው ቅጣቱ ከተነገረበት ቀን 30 ቀን ነው፤ አዲስ ክርክር ይደረግልኝ የሚል አቤቱታ በጊዜው ከገባ 90 ይሆናል። ሁለቱን ቀን ማምታታት አይገባም። ዋናው ይግባኝ በቀን ስህተት ከወደቀ የይግባኝ ቦንዱም መሠረቱ ይናዳል።

የላይኛው ፍርድ ቤት ጉዳዩን ከዜሮ አያየውም። እኔ ብሆን ስንት አደርግ ነበር አይልም። የሥር ዳኛው ሥልጣኑን ያለ አግባብ ተጠቅሟል ወይ ብሎ ነው የሚያየው። የማስረዳት ሸክሙም በይግባኝ ባዩ ላይ ነው። ለዚህ ነው ስለ ወረቀት ያን ያህል የጮኽኩት። ሥር ፍርድ ቤት ያልቀረበ የባንክ ወረቀት በላይኛው ፍርድ ቤት ቦታ የለውም። ችሎቱ ሲካሄድ ቃል መዝጋቢ መኖሩንም ጠበቃው ያረጋግጥ። ያልተመዘገበ ክርክር እንዳልነበረ ይቆጠራል። መዝገቡ ከተሟላ ግን ይግባኝ ሰሚው መጠኑን ራሱ ሊቀንስ ወይም ለሥር ዳኛው እንደገና እንዲያየው ሊመልስ ይችላል።

ጉዳዩ የፌዴራል ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። እዚያ ከፍርድ በኋላ መታሰር ነው ደንቡ። ለመውጣት እንደማይሸሽና አደገኛ እንዳልሆነ በግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ማሳየት ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ይግባኙ ፍርዱን ሊያስቀይር የሚችል ከባድ የሕግ ጥያቄ እንዳለው ማሳየት አለ። ቴራኖስ የተባለው የደም ምርመራ ኩባንያ መሥራች ኤልዛቤት ሆልምስ በ2023 ጠይቃ ተከልክላለች፤ ይግባኟ ሳይታይ ብራያን፣ ቴክሳስ ወዳለው እስር ቤት ገባች። ውድ ጠበቆች ነበሯት።

በቴክሳስ ደግሞ ብዙዎች የማያውቁት አንድ በር አለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ከሻረ፣ ጉዳዩ በበላዩ ፍርድ ቤት እስኪቋጭ ድረስ፣ እስር ላይ ያለው ሰው ቅጣቱ የቱንም ያህል ረጅም ቢሆን በተመጣጣኝ ዋስ የመውጣት መብት አለው። 10 ዓመት የሚለው ገደብ እዚህ አይሠራም። መጠኑን የሚወስነውም ይግባኝ ሰሚው ራሱ ነው፤ ዋስትናው የተጠየቀው ለበላዩ ፍርድ ቤት አቤቱታ ከገባ በኋላ ከሆነ ደግሞ የበላዩ። 15 ዓመት ተፈርዶበት ቤተሰቡ ተስፋ የቆረጠበት ሰው፣ ፍርዱ የተሻረ ዕለት ወዲያው ጠበቃው ይህን መጠየቅ አለበት። ካልተጠየቀ ማንም አያስታውሰውም።

የቴክሳስ ምክር ቤት በየሁለት ዓመቱ፣ በጎዶሎ ዓመት ይሰበሰባል፤ የዋስትና ሕግም በየስብሰባው ይነካካል። ስለዚህ እዚህ ያነበባችሁትን ይዛችሁ ጠበቃችሁን «አሁንም እንደዚህ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ጠበቃ መክፈል ለማይችል ፍርድ ቤቱ ለይግባኙ ጠበቃ ይመድባል፤ እሱንም ስለ ቦንዱ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ዋስ ለምትሆኑ ደግሞ የመጨረሻው ነገር። ይግባኙ ከተሸነፈ ሰውየው እጁን የሚሰጥበት ቀን ይመጣል። እስከዚያች ቀን፣ ሸሪፉ እስኪረከበው ድረስ፣ የዋሱ ኃላፊነት አይወርድም። ዓመታት ያልፋሉ፤ ዋሱ አድራሻ ይቀይራል፣ ሰውየው ሥራ ይቀይራል፣ ደብዳቤ በአሮጌ አድራሻ ይሄዳል። አድራሻ በተቀየረ ቁጥር ለፍርድ ቤቱም፣ ለጠበቃውም፣ ለቦንድስማኑም አሳውቁ። በጥሬ ያስያዛችሁ ከሆነ ደረሰኙን አትጣሉት። ገንዘቡ የሚመለሰው ደረሰኙ ላይ ስሙ ለተጻፈው ሰው ነው። ሃያ ሰው አዋጥቶ በአንድ ሰው ስም ከተያዘ፣ ማን ስንት እንዳዋጣ በወረቀት ላይ ጻፉትና ሁላችሁም ፈርሙበት።